ከዘንገና ዳር እስከ ዳንግሽታ ጉድጓድ

አማርኛችን በጨው ውኃና በጣፋጭ ውኃ መካከል ብዙም አያዳላም። ጣና ዳር የተቆረቆረችውን ከተማ «ባሕር ዳር» ስንላት ከቀይ ባሕር የተበደርነው ነገር የለም፤ ዓይን የማይጨርሰው ውኃ ሁሉ ለአባቶቻችን ባሕር ነበር። ስለዚህ ወዳጆቼ፣ አንድ ዕለት ቡና ላይ «ወደብ የሌለው አገር ሰው የት ሄዶ ባሕር ዳር ይንሸራሸር?» ብላችሁ ስታላግጡ መልሱ ምላሴ ላይ ነበር። ወሬው ስለተቀየረ ዋጥኩት። እነሆ አሁን ላውጣው።

ከባሕር ዳር ተነሥታችሁ የአዲስ አበባውን መንገድ ወደ ደቡብ ያዙ። 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ዳንግላ፣ ቀጥሎ አዲስ ቅዳም፣ 120 ኪሎ ሜትር ሊሞላ ሲል እንጅባራ ትመጣለች። የአገው አዊ ምድር ነው። ለመሄድ ስታስቡ በመጀመሪያ አገር ሰላም፣ መንገድ ክፍት መሆኑን ከዚያው ሰው ጠይቁ፤ በእነዚህ ዓመታት ያለዚህ የሚጀመር ጉዞ የለም። ከዚያ እንጅባራን በቡሬ አቅጣጫ ጥቂት አልፋችሁ፣ ከአስፋልቱ ጥቂት መቶ ሜትር ገባ ስትሉ ዘንገናን ታገኛላችሁ።

መኪና ውስጥ ሆናችሁ አታዩትም። የሚታየው ዛፍ የለበሰ ጉብታ ብቻ ነው። ጉብታውን ስትጨርሱ ግን መሬቱ ድንገት ከእግራችሁ ሥር ያልቅና ከታች ክብ ውኃ ቁልጭ ይላል። ከዳር እስከ ዳር 1 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ክብነቱ ያስደነግጣል፤ ተፈጥሮ እንዲህ የተስተካከለ ነገር መሥራት አትወድም። ጦጦቹ ከቅርንጫፍ ሆነው የያዛችሁትን ፌስታል ይቆጣጠራሉ፤ ሙዝ ከሆነ ተሰናበቱት።

ፎቶ አንሥታችሁ ብትመለሱ ማንም አይወቅሳችሁም። እኔ ግን እወቅሳችኋለሁ። ምክንያቱም እዚያ ቆሞ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ አለ፤ ይህ ሁሉ ውኃ ከየት መጣ? ዙሪያውን ብትቃኙ ለዚህ የሚበቃ ትልቅ ገባር ወንዝ አታገኙም። ደግሞስ ለምን ክብ ሆነ?

መልሱ ወጥ ቤት ውስጥ አለ። የጋለ ዘይት ላይ ውኃ ጠብ አድርጎ የማያውቅ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። ጠብታዋ ዘይቱ ውስጥ ገብታ በቅጽበት እንፋሎት ትሆናለች፤ ውኃ ደግሞ እንፋሎት ሲሆን ከነበረበት መጠን ከ1,600 ጊዜ በላይ ይሰፋል። ለዚህ ነው ዘይቱ የሚፈነጠቀው፤ ፊታችሁን የሚያቃጥለው ዘይቱ ቢሆንም ጥፋቱ የውኃዋ ነው። አሁን ዘይቱን በቀለጠ አለት፣ ጠብታዋን ከመሬት በታች ባለ ውኃ ተኩት። ከጥልቅ ወደ ላይ የሚወጣው ቅልጥ አለት ውኃ ካዘለ መሬት ጋር ሲገናኝ እንፋሎቱ መውጫ ያጣል፤ ሲያጣ ክዳኑን ይገነጥላል። ፍንዳታው ይደጋገማል፣ ጉድጓዱም በየፍንዳታው ይጠልቃል። የተፈነጠቀው አለትና ዐመድ ዙሪያውን ይወርድና አፉ ላይ ይቆለላል። ጉድጓድ ሲቆፈር አይታችሁ ከሆነ የወጣው አፈር አፉ ዙሪያ እንደሚቆለለው መሆኑ ነው። እንግዲህ ያ እያለከለካችሁ የወጣችሁት ጉብታ ምን እንደሆነ ገባችሁ? ከታች የተቆፈረው ነዋ!

ውኃውም ምሥጢር አይደለም። ጉድጓዱ ከከርሰ ምድር ውኃው ወለል በታች ስለወረደ ውኃው ከጎን ከጎኑ እየጠነፈፈ፣ ዝናቡም ከላይ እየጨመረበት ሞላ። ዘንገና እሳት የቆፈረው የውኃ ጉድጓድ ነው ብላችሁ ያዙልኝ፤ በኋላ እንፈልገዋለን። የቢሾፍቱ ሐይቆችም በዚሁ መንገድ የተፈጠሩ ዘመዶቹ ናቸው። የሥነ ምድር ሊቃውንት እንዲህ ያለውን ጉድጓድ «ማር» ይሉታል፤ ቃሉን የወሰዱት በጀርመን አይፍል ከሚባለው አገር ገበሬዎች ነው። ማር በሚቆረጥበት በአዊ መሬት ይህን ስም ሲሰማ የማይስቅ አስጎብኚ መቼም አይኖርም።

ጥልቀቱን ሳልነግራችሁ አላልፍም። 166 ሜትር ነው። በኢትዮጵያ ሐይቆች ዘንድ ከሻላ (266 ሜትር) ቀጥሎ ሁለተኛ ይባልለታል። ቁጥር ብቻውን አይታይምና በሌላ ላስረዳችሁ። ጣና ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን የአገራችን ትልቁ ሐይቅ ሆኖ እጅግ ጥልቅ በሆነው ቦታው 14 ሜትር ገደማ ነው። አዲስ አበባ ያለውን 209 ሜትሩን የንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት አንሥታችሁ ዘንገና መሐል ብታቆሙት ከውኃው በላይ የሚቀረው ወደ 40 ሜትር ያህሉ ብቻ ነው። ጣና ውስጥ ብታቆሙት ግን እስከ ቁርጭምጭሚቱ ነው የሚርሰው። አንዱ ምጣድ፣ ሌላው እንስራ ነው። ለዚህም ነው ዋና እችላለሁ የሚል ጓደኛችሁን ዘንገና ላይ የምትይዙት፤ ዳሩ በቀስታ እየጠለቀ የሚሄድ አይደለም፣ እንደ እንስራ ሆድ ወዲያው ይወርዳል፣ ውኃውም የደጋ ውኃ ነው፣ አጥንት ይገባል። ዳሩ ላይ ቁጭ ብላችሁ ነፋሱ የውኃውን ቆዳ ሲያኮማትረው ተመልከቱ፤ ይበቃል። አንድ ዘንገና ያልበቃው ደግሞ በአንከሻ በኩል ያለውን ጥርባ ሐይቅን ይጠይቅ፤ እርሱም ከእሳት አፍ የተፈጠረ ነው።

ጣናን የረሳሁት መሰላችሁ፤ ጣናና ዘንገና ዝምድና አላቸው። ከጣና ደቡብ ያለው አገር ብዙው በሥነ ምድር አቆጣጠር «ትናንት» በሚባል ጊዜ እሳተ ጎመራ የተፋው ነው። ያኔ የፈሰሰው ቅልጥ አለት ሄዶ የጣናን መውጫ ደፈነው፤ ውኃውም ተኛ። ጢስ ዓባይ የሚወረወርበት ጥቁር ገደል የዚያ አለት ጫፍ ነው። ስለዚህ ከባሕር ዳር ወደ እንጅባራ ስትነዱ በግድቡ ላይ እየነዳችሁ ነው ብል ብዙ አልዋሸሁም። በአዊ ዞን ውስጥ እንደ ፋንግና ዶንዶር ያሉትን ፏፏቴዎች ለማየት ከወጣችሁ ደግሞ ውኃውን ብቻ አትዩ፣ ግድግዳውንም እዩ። ቅልጥ አለት ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፣ ሲኮማተር ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ ብዙ ጊዜ ባለ ስድስት ማዕዘን ዓምድ ያወጣል። ሰው የጠረበው የሚመስል ድንጋይ ካያችሁ ጠራቢው ብርድ ነው።

ስለ ብርድ ካነሣን፣ ጋቢ ያዙ። እንጅባራ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች፣ ጠዋት ጉም የማይለያት ከተማ ናት። ሌላ ስሟ ኮሶበር ነው። ስሙን ቆርሳችሁ ብሉት፤ የኮሶ በር። ኮሶ የእውነተኛ ደጋ ዛፍ ነው፤ ቀይ ዘለላ አበባው ለስንት ትውልድ የሆድ ትል መድኃኒት ሆኖ ተጠጥቷል፣ ምሬቱም ተረት ሆኖ ቀርቷል። የሰፈር ስም የድሮ ደን የልደት ወረቀት ነው እላለሁ እኔ። በየመንገዱ ስም ስትሰሙ ዛፉ ዛሬም አለ ወይ ብላችሁ ሽማግሌ ጠይቁ፤ «አባባ፣ እዚህ ኮሶ ነበር?» ማለት ከማንኛውም አስጎብኚ ይልቅ ብዙ በር ይከፍትላችኋል። አዊዎች እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩት በአውኚ ነውና የዛፉን ስም በአውኚም ጠይቁ፤ በአማርኛ ስም ያልነበረው ቅጠል በአውኚ ሊኖረው ይችላል።

ከኮሶው ይልቅ ዛሬ የምታገኙት ቀርከሃ ነው። በየጓሮው፣ በየወንዙ ዳር፣ ከእንጅባራ መንገድ ዳር ደግሞ ወንበርና ሶፋ ሆኖ ለመንገደኛ ሲሸጥ። ይህ ደገኛው ቀርከሃ ነው፣ ውስጡ ባዶ የሆነው፤ በቆላ የሚበቅለው ሌላው ዝርያ ድፍን ነው። ዛፍ እንዳይመስላችሁ። ሣር ነው፣ የጤፍ ዘመድ። ዛፍ በየዓመቱ እየወፈረ ይሄዳል፤ ቀርከሃ ግን ክረምት ላይ ከመሬት ብቅ ሲል የያዘው ውፍረት ዕድሜ ልኩን የሚይዘው ነው፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ወደ ላይ መሮጥ ብቻ ነው፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ቁመቱን ይጨርሳል። የሚያብበው ደግሞ በስንት አሥርት ዓመት አንድ ጊዜ፣ አብቦም ይሞታል። አበባውን አየሁ የሚል ሰው ካገኛችሁ ሻይ ጋብዙት።

ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ ስትመለሱ ግን ዓይናችሁን የሚሞላው ሌላ ዛፍ ነው፤ ቅጠሉ እንደ ላባ የሆነ፣ ሲያብብ ቢጫ የሚነሰንስ፣ በሰልፍ የቆመ። ገበሬው ዲከረንስ ይለዋል። አገሩ አውስትራሊያ ነው። የፋግታ ለኮማን ወረዳ፣ የአዲስ ቅዳምን ዙሪያ እንዴት እንደ ወረሰው ማወቅ ለእኔ ከፏፏቴ ይበልጣል።

ነገሩ የሚጀምረው ከዝናብ ነው። ብዙ ዝናብ ያለበት ደጋ አፈር ይታጠባል፤ ካልሲየሙና መሰሎቹ ታጥበው ሲሄዱ አፈሩ ይኮመጥጣል፣ የኮመጠጠ አፈር ላይ ገብስ አንገቱን ይደፋል። ኖራ መጨመር ይቻላል፣ ኖራ ግን ዋጋ አለው፣ መጓጓዣም አለው። ገበሬው ሌላ መንገድ አገኘ። በመጀመሪያው ክረምት ጤፍ ይዘራል፣ በጤፉ መካከል የዲከረንስ ችግኝ ይተክላል። ጤፉ ታጭዶ ይገባል፣ ችግኙ ይቀራል። በሁለተኛው ዓመት ከዛፉ ሥር የሚበቅለው ሣር ለከብት ይታጨዳል። ዛፉ እንደ ባቄላ ዘር ሥሩ ላይ ናይትሮጅን ስለሚያኖር አፈሩን ይመግባል። አራት አምስት ዓመት ሲሆነው ይቆረጣል፣ እዚያው መሬት ላይ በአፈር ተከድኖ ይከሰላል፣ በጆንያ ሆኖ አዲስ አበባ ይገባል። ከዚያ እንደገና ጤፍ። የከሰሉ ድቃቂ የቀረበት ቦታ ደግሞ ጤፉ ጠቆር ብሎ ይበቅላል፤ ይህን ገበሬው ከተመራማሪው በፊት ነው ያየው።

የእኔን አስተያየት ከጠየቃችሁ፣ «ባዕድ ዛፍ» ብሎ ከመኪና መስኮት ማማረር ቀላል ነው፤ ከሰሉን እየገዛን ያለነው ደግሞ እኛው ነን። ያም ሆኖ አገር በአንድ ዛፍ ላይ ሲደገፍ አደጋ አለው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ቅጠሉንና ቅርንጫፉን የሚያጠቃ የዝገት በሽታ፣ ዘሩ ፈንገስ የሆነ፣ ዲከረንሱ ውስጥ ገብቷል። እዚያ ስትደርሱ ቅርንጫፉ ላይ ቡናማ እብጠት ካያችሁ እርሱ ነው፤ ነቅላችሁ ለማስታወሻ ይዛችሁ እንዳትሄዱ፣ አትሸከሙለት።

በእግር መሄድ ከታከታችሁ ይህ የፈረስ አገር ነው። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ሲሆን ዓድዋ የዘመቱትን ፈረሶች የሚዘክረው ዓመታዊ በዓል ጥር 23 ቀን፣ በጊዮርጊስ ዕለት ይውላል። ግልቢያው፣ ጉግሱ፣ የፈረሱ አልባሳት ለሌላ ቀን ይሁን፤ ከጀመርኩ ዳንግላ አንደርስም።

ዳንግላ ላይ ደግሞ ከእናንተ የቀደመ መንገደኛ አለ። ሮበርት ቺዝማን የሚባል እንግሊዛዊ ሻለቃ ከ1925 እስከ 1934 እ.ኤ.አ. እዚህ ተቀምጦ የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የብሪታንያ ቆንስል ነበር። የሎንዶን ሰዎች ፍላጎት ግልጽ ነው፤ ጣና ላይ ግድብ፣ የዓባይ ውኃ፣ ግብፅና ሱዳን። ቺዝማን ግን ወፍና ተክል ወዳድ፣ እግሩ የማያርፍ ሰው ሆኖ ተገኘ። በዚያ ጊዜ የዓባይ በረሃ በካርታ ላይ ብዙ ቦታው በግምት የተሣለ ነበር። በበቅሎ እየተጓዘ ለካው፣ የጣናን ዳርቻና ደሴቶች ዞረ፣ በ1936 እ.ኤ.አ. ስለ ጣና ሐይቅና ስለ ዓባይ መጽሐፍ አሳተመ። ከእርሱም በፊት ከዞኑ ትንሽ ወጣ ብሎ፣ ሰከላ ባለው ግሽ ዓባይ ምንጭ፣ ፔድሮ ፓኤዝ በ1618፣ ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. ቆመዋል። ብሩስ በደረሰ ጊዜ የምንጩ ባላገሮች አገዎች ነበሩ፤ እርሱ «አገኘሁ» ብሎ የጻፈውን ምንጭ እነርሱ ሲሳሉበት ኖረዋል።

የውጭ ሰው ታሪክ ይበቃል፤ እኔን የሚያስደስተኝ የሚቀጥለው ነው። ከዳንግላ ወረዳ ቀበሌዎች አንዷ ዳንግሽታ ትባላለች። እዚያ በ2006 ዓ.ም. የኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና የአገራችን ባልደረቦቻቸው አንድ ነገር ሞከሩ፤ የዝናብ መለኪያውን፣ ወንዝ ዳር የተተከለውን ባለ ቁጥር እንጨት፣ የጉድጓዱን ሜትር ለገበሬው አስረከቡ። ዝናቡ በየቀኑ፣ የክልቲና የብራንቲ ወንዞች ከፍታ በየዕለቱ፣ የጉድጓዶቹ ውኃ በየሁለት ቀኑ፣ ሁሉም በደብተር። ጉድጓዶቹ የየግቢው ናቸው፣ በእጅ የተቆፈሩ፣ ልጅ በገመድ የሚቀዳባቸው። ከዓመት በላይ የተጻፈው ሲመረመር የገበሬዎቹ ቁጥር ከመደበኛው የሜትዎሮሎጂ ጣቢያ ቁጥር ጋር የሚስማማ፣ ለጥናት የሚታመን ሆኖ ተገኘ፤ ውጤቱም በሳይንስ መጽሔት ወጣ።

ይህ ለምን ያስፈልጋል? ዳንግላ በዓመት 1,600 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ታገኛለች፤ ከዚያ ውስጥ ከአሥር እጅ ዘጠኙ የሚወርደው ከግንቦት እስከ ጥቅምት ነው። ቀሪውን ስድስት ወር አገሩ የሚጠጣው መሬት ያስቀመጠውን ነው። ስንት እንዳስቀመጠ የሚታወቀው ደግሞ ጉድጓድ ውስጥ ሜትር በማውረድ ነው። ዘንገናን ያዙልኝ ያልኳችሁ ለዚህ ነበር፤ በዳንግሽታ ግቢ ያለው ጉድጓድና ያ 166 ሜትር የሚጠልቀው ሐይቅ ሥራቸው አንድ ነው፣ ሁለቱም ከመሬት በታች ያለውን ውኃ የምናይባቸው መስኮቶች ናቸው።

እናንተም ትችላላችሁ። ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ሂዱ፣ አደይ አበባው ሜዳውን ሲሞላና መንገዱ ሲደርቅ። አፉ የተቆረጠ ጣሳና ማስመሪያ ያዙ፣ ያደራችሁበት ቤት በር ላይ አኑሩት፣ ዝናብ ጣል ካደረገ ጠዋት ለኩ። ባለቤቷ እመት «ምንድነው ይሄ?» ብላ መጠየቋ አይቀርም፣ ወሬው ከዚያ ይጀመራል፤ ምናልባትም ጉድጓዷ በየትኛው ወር እንደሚቀንስ ትነግራችኋለች።

ከዚያ ዳንግላን ከበው ያሉት ሸንተረሮች ላይ ውጡ። ይህ ምድር እንደ ቤት ጣሪያ ነው፤ በዚህኛው ክፈፍ የወደቀ ጠብታ ወደ ምሥራቅ ይወርድና በክልቲና በመሰሎቹ አድርጎ ግልገል ዓባይ፣ ከዚያ ጣና ይገባል። በዚያኛው ክፈፍ የወደቀው ወደ ምዕራብ፣ ወደ ቆላው፣ አንዳንዱ በቀጥታ፣ አንዳንዱ በበለስ በኩል ወደ ዓባይ ይወርዳል። በክንድ ርቀት የወደቁ ሁለት ጠብታዎች በዚህ ይለያያሉ። የመጀመሪያዋ ጣና ውስጥ ስትንሳፈፍ ረጅም ጊዜ ልታሳልፍ ትችላለች። ቀድሞ ከጣና መውጫዋ አንድ ብቻ ነበር፣ በጢስ ዓባይ በኩል፣ ጎጃምን ዙሪያውን መዞር ነበረባት። በ2002 ዓ.ም. 460 ሜጋዋቱ የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ሥራ ሲጀምር ግን 12 ኪሎ ሜትር ያህል ዋሻ ተከፈተላት፤ ተርባይን አዙራ በለስ ወንዝ ውስጥ ትወጣለች። ያቺ በሌላኛው ክፈፍ ወድቃ በበለስ በኩል የወረደችው ጓደኛዋ ደግሞ እዚያው በለስ ውስጥ ከቀደመቻት ቆይታለች። አብረው ይወርዳሉ፣ የበለስ አፍም ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ውኃ ዛሬ የተኛበት ነው።